ሮለር ኮስተር ተሳፋሪውን ሲያጎሳቁል፦ የጂ ኃይል ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

ሮለር ኮስተር ከሚባለው የመዝናኛ ባቡር የሙከራ ጉዞ የወረዱ ሰዎች «ዓይኔ ጨለመብኝ»፣ «አንገቴን አመመኝ» ወይም «ከወንበሬ ነቀለኝ» ሲሉ ንድፍ አውጪው አብዛኛውን ጊዜ ቸኩሎ የሚመለከተው ከፍተኛውን የጂ መጠን፣ ማለትም ኃይሉ ከተሳፋሪው መደበኛ ክብደት ስንት እጥፍ እንደደረሰ ነው። ይህ ቁጥር ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሰውነት የሚችለውን ልክ የሚወስኑት ኃይሉ የሚመጣበት አቅጣጫ፣ የሚቆይበት ጊዜና የሚለዋወጥበት ፍጥነት ናቸው። ኤኤስቲኤም ኤፍ2291 የተባለው የአሜሪካ ደረጃም በዚሁ ምክንያት ገደቡን በአንድ ቁጥር አይደነግግም፤ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ለብቻው፣ ቆይታው በረዘመ መጠን እየወረደ በሚሄድ መስመር ያስቀምጠዋል።

ስለዚህ ሐዲዱን ከመንካት በፊት በትክክል መለካት ያስፈልጋል። አክስለሮሜትሩ፣ ማለትም የጂ ኃይሉን የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ከወንበሩ ጋር በጥብቅ መታሰር አለበት፤ የተመዘገበውም ምልክት ከ5 ኸርዝ (በሰከንድ 5 ጊዜ) በላይ ያለውን ንዝረት በሚቀንስ ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ከገደቡ ጋር ይነጻጸራል። ሳይጣራ 8 ጂ የሚያሳይ ጫፍ የጎማ ንዝረት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ያልተጣራውን መዝገብ መጣል ስህተት ነው፤ ጭንቅላት ከመያዣ ጋር የሚጋጭበትን ምክንያት ስንፈልግ የሚጠቅመን እሱ ነው።

ምልክት፦ ከትልቁ ቁልቁለት በኋላ ዓይን ይጨልማል

ከልብ እስከ ዓይን ያለው ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደሙን እስከዚያ ለማድረስ በእያንዳንዱ ጂ ወደ 23 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ ግፊት ያስፈልገዋል። በ4.5 ጂ ይህ ከ100 ያልፋል፤ ይህም ልብ በተለመደው ሁኔታ ከሚያመነጨው አማካይ የደም ግፊት ጋር የሚቀራረብ ነው። ዓይን በውስጡ የራሱ ግፊት ስላለው ራስን ከመሳት በፊት የሚደበዝዘው እይታ ነው። በሌላ በኩል ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ክፍል) እና አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች የሚበቃ ኦክስጅን ስላላቸው፣ ለአንድ ሰከንድ የሚቆይ 5 ጂ ብዙም ሳይታወቅ ያልፋል፤ ለበርካታ ሰከንዶች የሚዘልቅ 4 ጂ ግን ያጨልማል።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው ኪንግስ ዶሚኒየን የመዝናኛ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንቲሚዴተር 305 በሚል ስም የተከፈተው ሮለር ኮስተር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከ93 ሜትር ከፍታ ወርዶ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበረው ባቡር በመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ ላይ የብዙ ተሳፋሪዎችን እይታ ያጨልም ነበር። መጀመሪያ በቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ተጨመረ፤ ከዚያም ለ2011 የሥራ ወቅት መታጠፊያው ሰፋ ተደርጎ እንደገና ተሠራ። በእኔ እይታ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይኸው ነው፤ ፍሬን የመጀመሪያ እርዳታ ሲሆን ሕክምናው ያለው በቅርጹ ላይ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በሰከንድ 40 ሜትር የሚጓዝ ባቡር 50 ሜትር ራዲየስ ባለው ሸለቆ ግርጌ 4.3 ጂ ገደማ ያሳርፋል፤ ራዲየሱ ወደ 65 ሜትር ሲሰፋ ግን ወደ 3.5 ይወርዳል። ይሁን እንጂ ያንኑ ማዕዘን ለመታጠፍ የሚፈጀው ጊዜም በዚያው ልክ ስለሚረዝም፣ አዲሱ ቅርጽ ከቆይታ መስመሩ ጋር ዳግም መነጻጸር አለበት። ፍሬን ፍጥነቱን በ10 ከመቶ ሲቀንስ ከመታጠፉ የሚመጣው ጫና በ19 ከመቶ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የተወሰደው ፍጥነት በቀጣዮቹ ኮረብታዎች ሁሉ ላይ ይጎድላል።

ምልክት፦ ሉፕ ሲገባ በድንገት ይጫናል

ሉፑ (ባቡሩ ወደ ላይ ወጥቶ ተገልብጦ የሚዞርበት ቀለበት) ፍጹም ክብ ከሆነ መንስኤውን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ሰበቃ ባይኖር እንኳ በክብ ሉፕ ግርጌና አናት መካከል ያለው ልዩነት ራዲየሱ ምንም ይሁን ምን 6 ጂ ነው፤ በተጨማሪም ቀጥተኛው ሐዲድ ወደ ክቡ ሲገባ ጫናው በአንድ ቅጽበት ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ1895 በኒው ዮርኩ ኮኒ አይላንድ የተከፈተው ፍሊፕ ፍላፕ የተባለ ባለ ሉፕ ሮለር ኮስተር በአንገት ጉዳት የሚታወሰው ለዚህ ነው። መፍትሄው ግርጌው ላይ ሰፊ ሆኖ ወደ አናቱ ቀስ በቀስ የሚጠብ፣ ክሎቶይድ የሚባለው የእንባ ጠብታ ቅርጽ ሲሆን፣ ጀርመናውያኑ የሮለር ኮስተር ንድፍ አውጪዎች ቬርነር ሽቴንግልና አንቶን ሽቫርትስኮፍ እ.ኤ.አ. በ1976 ሬቮሉሽን በተባለው የካሊፎርኒያ ሮለር ኮስተር ላይ ተጠቅመውበታል።

ምልክት፦ ጆሮና አንገት ከትከሻ መያዣው ጋር ይጋጫሉ

ከጎን የሚመጣን ኃይል አንገት እምብዛም አይችልም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አነስተኛ ቁጥርም ትልቅ ስሞታ ያስነሳል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስሞታው መቼ እንደጀመረ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከነበረ ጥፋቱ የቅርጽ ነው፤ ከወራት በኋላ ከመጣ ያለቀ ጎማ ወይም የላላ የጎን ጎማ ይፈተሻል፤ ከአንድ ጋሪ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ሐዲዱን ትቶ ያንን ጋሪ ማንሳት ነው።

ጥፋቱ የቅርጽ ሲሆን ሐዲዱ ያዘነበለበት ማዕዘን ከፍጥነቱ ጋር አልተስማማም ማለት ነው። በሰከንድ 20 ሜትር፣ በ30 ሜትር ራዲየስ የሚታጠፍ ባቡር የጎን ኃይሉ እንዲጠፋለት 54 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት። ማዕዘኑ ትክክል ሆኖ ግጭቱ ከቀጠለ፣ ሐዲዱ ሲገለበጥ ጭንቅላት እንደ ጅራፍ ጫፍ የሚወረወረው ባቡሩ የሚገለበጥበት መዞሪያ ዘንግ በሐዲዱ መካከል ስለተደረገ ነው፤ ዘንጉ በተሳፋሪው ደረት ከፍታ እንዲያልፍ ተደርጎ መስመሩ ይነደፋል። በመያዣው ላይ ስፖንጅ መጨመር ስሞታውን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ኃይሉን አይነካውም።

ምልክት፦ ኮረብታ ላይ መያዣው ጭንን ያሳምማል

ይህ ተሳፋሪውን ከወንበሩ አንስቶ ወደ መያዣው የሚገፋ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ጂ ሲሆን፣ የኋላ ጋሪዎች አናቱን አልፈው ሲወርዱ ይብሳል፤ ወደፊት ያለው ክብደት ቀድሞ ስለወረደ አናቱን በበለጠ ፍጥነት ይሻገራሉና። መለኪያው ፊት ወንበር ላይ ብቻ ከታሰረ ችግሩ አይታይም። የአናቱን ራዲየስ ማስፋት በቂ ነው።

የተስተካከለው ሐዲድ እንደገና ሲለካ ባቡሩ ባዶም ሙሉም ሆኖ፣ በቀዝቃዛ ጠዋትም በሞቃት ከሰዓትም መሮጥ አለበት፤ ግራሶው ሲሞቅና ጭነቱ ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራልና። የጂ ገደቡ የሚመዘነው በፈጣኑ ጉዞ ሲሆን፣ ባቡሩ ሁሉንም ኮረብታ መሻገሩ የሚረጋገጠው በዝግተኛው ነው።