በዋሽንግተን ዲሲ ትናንሽ የክላሲካልና የሙከራ ሙዚቃ ኮንሰርቶችን በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ ማግኘት

ትኬት ሻጭ ድረ ገጾች ላይ ጎልቶ የሚወጣው የትልልቁ አዳራሽ ኮንሰርት ነው። ነፃው የሚሸጥ ነገር ስለሌለው እዚያ አይታይም። ስለዚህ ፍለጋውን ከሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ጀምሩ።

የሙዚቃ ተማሪ ለመመረቅ ሰው ፊት መጫወት አለበት። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የፕሮግራም ገጾች ላይ «ሪሳይታል» (recital፣ ተማሪው የሚያቀርበው ኮንሰርት) የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ አብዛኛው በነፃ ነው። ኤፕሪልና ኖቬምበር ላይ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ይደራረባል። ርዝመቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ምርጫ ካላችሁ የዶክትሬት ተማሪውን ያዙ፤ ብዙዎቹ ሙያተኞች ናቸው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከተቀመጣችሁ የቼሎ ተጫዋቹ ቀስቱ ክሩን ከመንካቱ በፊት የሚስበው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማችኋል። ይህን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በምንም ገንዘብ አታገኙትም።

አጃቢው ፒያኒስት ከታመመ ቀኑ ይቀየራልና በዕለቱ ጠዋት ደግማችሁ አረጋግጡ። ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ብሩክላንድ ሜትሮ አጠገብ ነው። ሜሪላንድ ግን ከኮሌጅ ፓርክ ጣቢያ እስከ ኮንሰርቱ ቦታ፣ ክላሪስ ሕንፃ፣ በእግር ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ የአውቶቡሱን ሰዓት አስቀድማችሁ እዩ።

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኩሊጅ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1925 ተከፍቶ እስከ ዛሬ በነፃ ያስደምጣል። ቤተ መጻሕፍቱ የራሱ ስትራዲቫሪየስ (ዝነኛ የድሮ የጣሊያን ሥራ) ቫዮሊኖች አሉት፤ እንግዶቹ አንዳንዴ በእነሱ ይጫወታሉ። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ በ1944 እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበ አንድ የባሌት ዳንስ ሙዚቃ ለ13 ተጫዋች ብቻ የተጻፈው ቦታው ጠባብ ስለነበረ ነው። ትኬት አለቀ ቢባልም ተስፋ አትቁረጡ። ነፃ ትኬት የያዘ ሰው በቀላሉ ይቀራል፤ ቀደም ብላችሁ በሩ ላይ ብትሰለፉ የመግባት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ፍተሻ ስላለ ትልቅ ቦርሳ አትያዙ።

የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ናሽናል ጋለሪም ከ1942 ጀምሮ በነፃ ያቀርባል። የአትክልት አዳራሹ ውስጥ ግን ድምፅ በጣም ያስተጋባል፤ ኋላ ከተቀመጣችሁ ፈጣኑ ዜማ እርስ በርሱ ይደበላለቃል። ፊት ለፊት ያዙ።

የሙከራ ሙዚቃ፣ ማለትም ከተለመደው አጨዋወት ወጥቶ አዲስ ድምፅ የሚሞክር ሙዚቃ፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ እዚህ የምትከተሉት አዳራሹን ሳይሆን ተጫዋቹን ነው። የወደዳችሁትን ሰው የጉዞ ዝርዝር ክፈቱ። ኒውዮርክ፣ ፊላደልፊያና ባልቲሞር ከተጻፉ በመሃል ያለውን ባዶ ቀን ልብ በሉ፤ ዲሲ ብዙ ጊዜ እዚያ ትገባለች። ከተማው ውስጥ ራይዞም የተባለው ለትርፍ የማይሠራ ማኅበር ፕሮግራም ዋናው ምንጭ ነው። በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት ቡድኖች እየተከታተሉ ይጫወታሉ። ገንዘቡ በአብዛኛው ለተጫዋቾቹ ስለሚሄድ ጥሬ ብር ያዙ፤ ከጉዞ የመጣው እንግዳ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚሆን የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ሳታዩ ከቤት አትውጡ።