ጸበሉ አይሸጥም፣ አልጋው ይሸጣል

እናቴ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል የሚሄዱ መንገደኞችን ሰላ ድንጋይ ቤታችን ውስጥ ታሳድር ነበር። ብር ሲሰጧት "የእመቤቴን እንግዳ ላስከፍል?" እያለች ትመልሳለች። እኔ ግን ዛሬ ስድስት አልጋ አለኝ፤ አስከፍላለሁ። በእናቴና በእኔ መካከል ያለውን ድንበር ለማወቅ ብዙ ስለተሳሳትኩ፣ በሰሜን ሸዋ ይህን ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ልንገራችሁ።

ወረዳው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ አነጋግሩ። እኔ ይህን ዘልዬ በአንድ የገጠር አጥቢያ ፎቶ አንሺ ይዤ ወደ መጠመቂያው ወረድኩ። ሕመምተኞች ልብሳቸውን አውልቀው ተራ ይጠብቃሉ። አጥማቂው ካህን መጥተው ካሜራውን በነጠላቸው ሸፈኑት፤ "ልጄ፣ እናትህ ብትሆንስ ፎቶ ታስነሣት ነበር?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ የያዘ እንግዳ ወደ ጸበል ሲወርድ ካሜራውን ቤት ያስቀምጣል፤ ቁልፍ ያለው ሣጥን ለዚሁ ገዝቻለሁ።

የመጀመሪያ ትርፌን በውኃ ማሞቂያ ላይ አዋልኩት። ማንም አልነካውም! የተጠመቀ ሰው በዚያ ቀን በሌላ ውኃ እንደማይታጠብ እኔ የቄስ ጎረቤት ሆኜ እንዴት እንደጠፋኝ እስከ አሁን ይገርመኛል። እንግዳው የፈለገው ሌላ ነበር፦ ከጸበል ሲመለስ እርጥብ ልብሱን የሚያሰጣበት ገመድ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ትኩስ ሻይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርድ የሚችል መኝታ። አገራችን ደጋ ነው፤ ኅዳር ላይ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ላይ የመንዝ ባና ደርቡበት። ሌሊት 10 ሰዓት ለኪዳን የሚነሣ ስለሚኖር ማታ ሬዲዮ አይከፈትም። በጾም ቀን ሽሮ፣ ቆሎና በሶ በቂ ነው፤ ግን እስከ 9 ሰዓት የሚጾመውን ምሳ ቀረበ እያላችሁ አታስጨንቁት።

አንድ ነገር አደራ፦ "ይፈውሳል" ብላችሁ አታስተዋውቁ። የእምነቱን ነገር ለምእመኑና ለካህኑ ተዉት። ማታ ሲመዘገቡ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ጠይቁ፤ በተለይ የስኳር ሕመምተኛ ሳይበላ በቀዝቃዛ ውኃ ሲጠመቅ ሊወድቅ ይችላል። መድኃኒቴን ላቁም የሚላችሁ ካለ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ለኤችአይቪ ታማሚዎች የሰጡትን ምክር አስታውሱት፤ መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብረው እንዲወስዱ ነበር ያሉት።

ጸበል ለማይፈልገው፣ ጸጥታ ብቻ ለናፈቀው እንግዳ በመንዝ ያለው የጓሳ ጥብቅ የሣር ምድር አለ። ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ሽቅብ አታስኪዱት፤ ራሱን ካመመው ዕረፍት ይውሰድ። በማግሥቱ ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ አስቀምጡት። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ፀሐይ እየሞቁ ቅማል ይለቃቀማሉ፤ ከዚያ ተቀምጠው ሣር መንጨት ይጀምራሉ። ዝም በሉ፣ ምግብ አትወርውሩ። አስጎብኚውን ከዚያው ከመንዝ ቅጠሩ፤ ጓሳ የቆየው አባቶቻቸው ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የአጠባበቅ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እየከፈቱ ስለጠበቁት ነው።

የዓመቱን ሥራ በበዓላት አስሉ። ኅዳር 21 ቀን አልጋ አይገኝም። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ሱባኤ የሚገባው ብዙ ነው፤ ግን ክረምት ስለሆነ መኪና ጭቃ ሊይዘው ይችላል፤ እንግዳው ከመነሣቱ በፊት ስለ መንገዱም ስለ ሰላሙም እውነቱን ንገሩት። እንግዳ ብታጡም እንኳ ንገሩት።

ዋጋ በግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በበዓል አትጨምሩ። እኔ የአምስት አልጋ ዋጋ ለጥፌያለሁ። የስድስተኛው ክፍል ቁልፍ እናቴ መቀነት ውስጥ ነው፤ ገንዘብ ሳይዝ የመጣውን መንገደኛ እሷ ታስገባዋለች፣ እኔም አልጠይቃትም።