ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ ለመሳለም ሲመጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከክፍለ ሀገርም ይምጡ ከውጭ፣ አዲስ አበባ መሃል ላይ የሚሳለሙት ደጅ አያጡም። ፒያሳ ጊዮርጊስ አለ። አራት ኪሎ ሥላሴ፣ ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ በዓታ፣ መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ደግሞ እስጢፋኖስ። መቀራረባቸው መልካም ነው። ግን ብዙ መንገደኛ የሚሳሳተውም ስለሚቀራረቡ ነው።

ሁሉንም በአንድ ጠዋት ማዳረስ

ሚኒባስ ተኮናትሮ፣ አንዱ ጋ አሥር ደቂቃ፣ ሌላው ጋ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ምሳ። እንዲህ የዞረ ሰው ማታ ላይ የትኛው ደጅ ምን እንደጸለየ አያስታውስም። እባክዎ አንዱን ይምረጡ። ጊዜ ከተረፈ ሁለተኛ ይጨምሩ፤ ካልተረፈም አይቆጭዎ።

ጊዮርጊስ ግቢ በማለዳ የሚታይ ነገር አለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ይመጣሉ። ግንባራቸውን ከግድግዳው ያስነካሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንድ እጃቸው ድንጋዩን ይዳብሳል። ከኋላቸው የጎብኚ ቡድን ይገባል፣ ይወጣል፣ ሌላ ይተካል። እሳቸው ገና ከልጆቻቸው ስም አልወጡም። እኔ መሳለም ስል የማስበው እንዲህ ያለውን ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን ሳያጣሩ መምጣት

በዓታ በ3፣ ሥላሴ በ7፣ እስጢፋኖስ በ17፣ ጊዮርጊስ በ23። ወርኃዊ በዓሉ ላይ ከመጡ ማኅሌቱንና ሕዝቡን ያገኛሉ። ጸጥታ ከፈለጉ ግን ሌላ ቀን ይሻላል። የካቲት 23 ላይ ጊዮርጊስ ለመሄድ ካሰቡ ደግሞ አስቀድመው ይወቁት፤ ቀኑ የዓድዋ ድል በዓል ነው፣ ምኒልክ አደባባይ ጢም ይላል።

ሰዓቱም እንደዚሁ። እሑድ ቅዳሴ በንጋት ስለሚገባ ቁርስ በልተው ተዝናንተው ሲደርሱ አልቆ ያገኙታል። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ደግሞ ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያ በኋላ ይሄዳል። ጠዋት መጥተው «የለም» ብለው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

መቃብሩ ላይ ታሪክ ብቻ ማየት

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በዓታ ሥር አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ያርፋሉ። ሥላሴ ውስጥ ደግሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ትላልቅ የድንጋይ መቃብሮች አሉ። ግቢው ውስጥ አርበኞች አሉ፤ በ1967 ደርግ የገደላቸው ባለሥልጣናትም እዚያው ናቸው። ጎብኚ እዚህ ሲደርስ ወዲያው ክርክር ይጀምራል። ይሄ ጥሩ ነበር፣ ያ በደለን፣ እሱ ባይኖር ኖሮ። ድምፁ ከፍ ይላል፤ ጸሎት ላይ ያለ ሰው ዞር ብሎ ያያል።

ክርክሩን ካፌ ያድርሱት። እዚያ ቆመው ሌላ ነገር ያስቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያቸውን በሥላሴ አዘጋጅተው ነበር። ዘውድ የጫኑት በ1923 ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዙፋን ወርደው ከሞቱ በኋላ ግን አስከሬናቸው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ቆየ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ወጥቶም በዓታ ተቀምጦ ጠበቀ። ሥላሴ የገባው በ1993 ነው። ከጊዮርጊስ እስከ ሥላሴ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያን መንገድ ለመጨረስ ሰባ ዓመት ፈጀባቸው። «በአለቆች አትታመኑ» የሚለውን መዝሙር ቤትዎ ብዙ ጊዜ አንብበውት ይሆናል። እዚያ ቆመው በልብዎ ይድገሙት፣ ከዚያ ለሞቱት ሁሉ፣ ለወደዱትም ላልወደዱትም፣ «ነፍስ ይማር» ይበሉ። ለእኔ የሥላሴ ጉዞ ትልቁ ፍሬ ይህ ነው።

ስልክ

በቅዳሴ ሰዓት አይቅረጹ። ሙዚየሙና መቃብሩ ጋ ፎቶ ይፈቀድ እንደሆነ ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ። ጊዮርጊስ ያሉትን የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች መጀመሪያ በዓይንዎ ይዩአቸው፤ ሰው በስክሪን እያየ ሲያልፋቸው ያሳዝነኛል። የተሰማዎትን መጻፍ ከፈለጉም ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ቲክቶክ ላይ አይጻፉት። ማታ ማስታወሻ ላይ ለማን እንደጸለዩ ይጻፉ። ምን እንደከበደዎትም ይጻፉ።

ነዳያንን ረግጦ ማለፍ

በሩ ላይ የተቀመጡትን እንደ እንቅፋት እየዘለለ ገብቶ ውስጥ በእንባ የሚጸልይ ሰው አለ። ከቤት ሲወጡ ዝርዝር ይያዙ። ሁሉንም ማዳረስ አይችሉም፣ ማንም አይችልም። ግን ለሰጡትም ላልሰጡትም ሰላምታ አይንፈጉ። የሌለዎት ቀን «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ይቻላል፣ አንገት ደፍቶ እንዳላዩ ከመሆን በጣም ይሻላል።

አላዋቂ እመስላለሁ ብሎ አለመጠየቅ

ወንዶች በየት በር፣ ሴቶች በየት በር እንደሚገቡ ካላወቁ ጥበቃውን ወይም አንድ ዲያቆን ይጠይቁ። ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። ጫማ የት እንደሚወልቅም ይነግሩዎታል። ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ ከሆኑ ይንገሯቸው፤ አይደብቁ። ቁርባን እንደማይቀበሉ ግልጽ ነው፣ ጸሎት ግን ማንም አይከለክልዎትም። ውስጥ መግባት ከከበደዎት ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመው ድምፁን ይስሙ። በበዓል ቀን እዚያ ከሚያስቀድሰው ሕዝብ ብዙው እንደዚያው ውጭ ቆሞ ነው።