ያችኑ ጥቁርና ነጭ ልብስ አሳምሮ መልበስ

ቁምሳጥን ሲከፈት ጥቁር፣ ነጭ፣ ግራጫ ብቻ ነው አይደል? አብሽሩ፣ በትንሽ ብር ይለወጣል። እኔ ከሁሉም የምወደው ጥለት ነው፣ ያረጀ ነጠላ ካላችሁ ጨርቁ ቢሳሳም ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደህና ስለሆነ ቀስ አርጋችሁ ቆርጣችሁ ነጩ ሸሚዝ እጅጌ ጫፍ ላይ አሰፉት፣ ግን መጀመሪያ ለብቻው ዘፍዝፉትና ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ አለዛ ቀለሙ ሸሚዙን ይጨርሰዋል፣ የእህቴ እንደዛ ተበላሽቶ በጣም ነው ያዘነችው።

ቁልፍ መቀየርም ቀላል ነው። ሰልባጅ ስትገዙ ልብሱ ባይሆናችሁም ቁልፉ ካማረ ፈታችሁ ለጥቁሩ ሹራብ ስፉት፣ ብቻ ከድሮው ቁልፍ እኩል መሆኑን ለኩ፣ ካነሰ ይከፈታል። ባቲ ሰኞ ገበያ ከወጣችሁ ደግሞ ጨሌ ፈልጉ፣ ባዶ ጥቁር ቀሚስ ላይ አንድ ቀይ ጨሌ ይበቃል።