የታዳጊዎችን ስለራሳቸው ያላቸውን አመለካከት በሥነ ልቦና መጠይቅ እንዴት እንለካለን?

መጠይቅ ከመመረጡ በፊት ሊለካ የተፈለገው ምን እንደሆነ መለየት አለበት። ታዳጊው ስለራሱ ያለው አመለካከት ሲባል በትምህርቱ፣ በመልኩ፣ በጓደኝነቱ፣ በጠባዩና ከወላጆቹ ጋር ባለው ግንኙነት ራሱን እንዴት እንደሚያይ የሚገልጽ ሰፋ ያለ ሥዕል ማለት ነው። ለራሱ የሚሰጠው ግምት ደግሞ በዚህ ሥዕል ላይ የሚያሳርፈው ጠቅላላ ፍርድ ነው። ሁለቱ ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም፤ አንዱን ለክቶ ስለ ሌላው መናገር በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሻቭልሰን፣ ሁብነርና ስታንተን እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረቡት ሞዴል ይህ አመለካከት ደረጃ ያለው ነው፤ ጠቅላላው ከላይ ሆኖ ከሥሩ የትምህርት፣ የማኅበራዊ፣ የስሜትና የአካል ዘርፎች ይከፈላሉ። ኸርበርት ማርሽ ከዚያ በኋላ ባካሄዳቸው ጥናቶች ተማሪዎች በሒሳብ ስለራሳቸው ያላቸው አመለካከትና በቋንቋ ያላቸው አመለካከት፣ ውጤታቸው ራሱ የሚዛመደውን ያህል እንኳ እንደማይዛመድ አሳይቷል። ስለዚህ "ይህ ልጅ ስለራሱ ያለው አመለካከት ዝቅተኛ ነው" የሚለው አባባል፣ በየትኛው ዘርፍ እንደሆነ ካልተነገረ፣ ለአማካሪውም ለወላጁም የሚረዳው ነገር የለም።

መጠይቁን መምረጥ

የሞሪስ ሮዘንበርግ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ፣ 10 ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ያሉትና በጥቂት ደቂቃዎች የሚሞላ ነው፤ የሚለካው ግን ጠቅላላውን ለራስ የሚሰጥ ግምት እንጂ ዘርፎቹን አይደለም። የፒርስና ሃሪስ መለኪያ "አዎ" ወይም "አይ" የሚባልባቸው ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ በሁለተኛው እትሙ 60 ዓረፍተ ነገሮችና ስድስት ዘርፎች አሉት፤ የንግድ ሥራ ስለሆነ ሳይገዙ ማባዛት አይፈቀድም። የሱዛን ሃርተር የታዳጊዎች መለኪያ 45 ዓረፍተ ነገሮችን በዘጠኝ ዘርፎች ይዟል። ማርሽ ለታዳጊዎች ያዘጋጀው ሁለተኛው መጠይቅ 102 ዓረፍተ ነገሮችና 11 ዘርፎች አሉት፤ የተሟላ ቢሆንም ማንበብ ለሚከብደው ልጅ ረጅም ነው።

በእኔ አመለካከት ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ ለሚፈልግ አማካሪ የሃርተር ወይም የማርሽ ይሻላል፤ ብዙ ሕዝብ ላይ ጥናት ለሚሠራና ለራስ የሚሰጥ ግምትን ከሌሎች ነገሮች ጋር ለሚያዛምድ ደግሞ የሮዘንበርግ ይበቃል። በኢንተርኔት ላይ የሚሰራጩ፣ አዘጋጃቸውም ሆነ አስተማማኝነታቸው የማይታወቅ "ራስህን ፈትሽ" ዓይነት ጥያቄዎች ለመዝናኛ እንጂ ለመለኪያ አይሆኑም።

መጠይቁ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ከሆነ አንዱ ይተርጉመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ ዋናው ቋንቋ ይመልሰው፣ ከዚያም ሁለቱ ይነጻጸሩ። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተወሰኑ ታዳጊዎች እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንብበው ምን እንደተረዱ በራሳቸው አባባል እንዲናገሩ ማድረግ የተርጓሚ ዓይን የሚያልፈውን ያወጣል።

አሉታዊ ዓረፍተ ነገሮች

ብዙዎቹ መለኪያዎች ከፊሎቹን ዓረፍተ ነገሮች በአዎንታ፣ ከፊሎቹን በአሉታ ያቀርባሉ። በሮዘንበርግ መለኪያ አምስቱ አዎንታዊ፣ አምስቱ አሉታዊ ናቸው። ዓላማው ሳያነብ ሁሉንም "እስማማለሁ" የሚለውን መላሽ መለየት ነው፤ ነገር ግን ሥራው በብዛት የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ታዳጊ "በራሴ አልደሰትም" የሚል ዓረፍተ ነገር ቀርቦለታል እንበል። በራሱ የሚደሰት ከሆነ "አልስማማም" ማለት አለበት፤ ማለትም በአሉታ ላይ ሌላ አሉታ መደረብ አለበት። ይህን ትልልቆቹ ያለ ችግር ሲሠሩት፣ ታናናሾቹና ንባብ የሚከብዳቸው በተቃራኒው ምልክት ያደርጋሉ። ማርሽ ይህን በማየቱ ለሕፃናት ባዘጋጀው መጠይቅ ውስጥ ያሉትን አሉታዊ ዓረፍተ ነገሮች ከነጥብ ስሌቱ አውጥቷቸዋል። የሮዘንበርግ መለኪያ በ53 አገሮች ተሞልቶ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጥናትም አሉታዊዎቹ በየአገሩ በአንድ ዓይነት መንገድ እንደማይተረጎሙ ታይቷል።

ሆኖም አሉታዊዎቹን ከመጠይቁ አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ውጤቱን ከሌሎች ጥናቶች ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ይልቁንም በትርጉም ጊዜ የአሉታ ግስ ከመጠቀም አሉታዊ ሐሳቡን በአዎንታ ግስ መግለጽ ይሻላል፤ "በራሴ አልደሰትም" ከሚለው "በራሴ አዝናለሁ" የሚለው ለልጁ ይቀላል። ይህን ማድረግ የሚፈቀደው ግን የዋናው ሐሳብ ትርጉም እስካልተዛባ ድረስ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የአሉታዊዎቹን ነጥብ መገልበጥ ነው፤ ዓላማው በሁሉም ዓረፍተ ነገሮች ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ከፍ ያለ ግምትን እንዲያሳይ ነው። መልሱ ከ1 እስከ 4 ከሆነ የአሉታዊዎቹ ነጥብ ከ5 ላይ ይቀነሳል፤ ከ1 እስከ 6 ከሆነ ከ7 ላይ ይቀነሳል። በኤክሴል ሲሠራ ዋናውን ዓምድ ፈጽሞ አለመንካት፣ የተገለበጠውንም በአዲስ ዓምድ በግልጽ ስም ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በዋናው ላይ የሚጽፍ ሰው በማግስቱ መገልበጡን ረስቶ እንደገና ይገለብጠዋል፣ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነጥብ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የዚህ ምልክቱ የክሮንባክ አልፋ (ዓረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር) ያለ ምክንያት ዝቅ ማለትና አንዳንድ ዓረፍተ ነገሮች ከጠቅላላው ጋር በአሉታ መዛመድ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያታልል ነገርም አለ። አንድ ታዳጊ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓምድ ላይ ብቻ ምልክት አድርጎ ቢሄድ፣ አሥሩንም "በጣም እስማማለሁ" ቢል፣ ከተገለበጠ በኋላ አምስቱ 4፣ አምስቱ 1 ይሆኑና ድምሩ 25 ይመጣል። ሁሉንም "አልስማማም" ቢልም ያው 25 ነው። ከ10 እስከ 40 በሚሄደው ሚዛን ላይ 25 ትክክለኛው መሐል ስለሆነ፣ ምንም ያላነበበው ልጅ ጤናማ አማካይ ነጥብ ያለው መስሎ ይታያል። ስለዚህ ድምሩ ከመሠራቱ በፊት እያንዳንዱን ወረቀት በዓይን ማየት ግዴታ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይህን በራሱ አይነግርም።

ማስሞላት

የወላጅ ፈቃድና የታዳጊው የራሱ ስምምነት አስቀድሞ ይገኛል። የሚያስሞላው ሰው ልጁን በማርክ የሚገመግም መምህር ባይሆን ይመረጣል፤ ልጁ ለፈታኙ የሚያምር መልስ የመስጠት ፍላጎቱ እንዲቀንስ በስም ፋንታ መለያ ቁጥር መጠቀም ይረዳል። ወንበሮቹ ይራራቁ፤ የፈተና ውጤት የተሰጠበት ቀን አይመረጥ። "ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?" ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ደግሞ ማንበብ እንጂ በራስ ቃል ማብራራት አይገባም።

የሃርተርን መለኪያ የሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በእያንዳንዱ መስመር በግራ "አንዳንድ ታዳጊዎች እንዲህ ናቸው"፣ በቀኝ "ሌሎች ግን እንዲህ ናቸው" የሚሉ ሁለት መግለጫዎች አሉ። ልጁ መጀመሪያ የትኛውን ወገን እንደሚመስል ይመርጣል፤ ከዚያ በዚያው ወገን ካሉት ሁለት ሳጥኖች "በጣም እኔን ይገልጻል" ወይም "በመጠኑ ይገልጻል" በሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። አሠራሩ ከሌሎች የተለየ በመሆኑ ብዙዎች በሁለቱም ወገን ምልክት ያደርጋሉ። ምሳሌውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ማሳየት፣ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ በየወንበሩ እየዞሩ በአንድ መስመር አንድ ምልክት ብቻ መኖሩን ማየት ወረቀቱን ከመጣል ያድናል።

ነጥቡን መተርጎም

አንድ ነጥብ ከነስህተቱ መነበብ አለበት። መደበኛ ልይይቱ (ነጥቦቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን) 10፣ የአስተማማኝነት መጠኑ 0.84 የሆነ መለኪያ የስህተት መጠኑ 4 ነው፤ ስለዚህ 43 ያገኘ ታዳጊ፣ በ95 በመቶ ደረጃ ሲታሰብ፣ እውነተኛ ነጥቡ በግምት ከ35 እስከ 51 ባለው ውስጥ ይገኛል። አማካዩ 50 ከሆነ ይህ ልጅ ከአማካይ በታች ነው ለማለት በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ለሌላ ሕዝብ የተዘጋጀ የንጽጽር ሠንጠረዥም እንዲሁ በጥንቃቄ ይታያል፤ የራስ ሠንጠረዥ ከሌለ ዘርፎቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ከሌላ አገር አማካይ ጋር ከማስተያየት ይሻላል።

የማነጻጸሪያው ቡድንም ነጥቡን ይለውጠዋል። ማርሽ ከፓርከር ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ ተመሳሳይ ችሎታ ያላቸው ተማሪዎች ጎበዞች በበዙበት ትምህርት ቤት ሲሆኑ ስለ ትምህርት ችሎታቸው ያላቸው አመለካከት ዝቅ እንደሚል አመልክቷል። አዲስ ወደ ብርቱ ክፍል የገባ ልጅ በትምህርት ዘርፍ ነጥቡ ቢወርድ፣ ከመደንገጥ በፊት ራሱን ከማን ጋር እያስተያየ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ዝቅተኛ ነጥብ የምርመራ ውጤት አይደለም፤ ለንግግር መነሻ ነው። ታዳጊው ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ቢገልጽ ምስጢሩ ሙሉ በሙሉ እንደማይጠበቅ ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት ይነገረው፤ በዚያ ጊዜ ወደ ማን እንደሚላክም አስቀድሞ ይወሰን። ውጤቱን ለልጁ ስንነግረው ከፍ ባለው ዘርፍ እንጀምራለን፤ ዝቅ ባለው ላይ ግን መልሱን እንዴት እንደሰጠ እንጠይቀዋለን እንጂ ነጥቡን አንፈርድበትም።

ከምክር አገልግሎት በኋላ ዳግም የሚለካ ከሆነ ያው መጠይቅ፣ ያው ትርጉምና ያው አስሞይ ይሁኑ። ልዩነቱ ከስህተት መጠኑ በግልጽ ካልበለጠ ለውጥ መጣ ተብሎ አይጻፍም።