ስለ ስኮትላንድ የለማኞች ባጅ ሲወራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መዳፍ ላይ የምታርፍ የእርሳስ ቁራጭ ናት። የአጥቢያ ስም ተቀርጾባታል። አንዳንዷ ላይ ዓመተ ምሕረት፣ አንዳንዷ ላይ ቁጥር አለ። በድሮዋ ስኮትላንድ ይህችን ልብሱ ላይ ያደረገ ድሃ በአጥቢያው ውስጥ ከቤት ቤት እየዞረ መለመን ይችል ነበር። የሚከለክለው የለም፤ ፈቃድ አለው።

የልመና ፈቃድ ሲባል ጆሮ ይቆማል። ስለዚህ የእነዚህ ባጆች ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር ሁሉም የየራሱን ይላል። አንዱ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው» ይላል። ሌላው «እንዴት ያለ ደግ ሥርዓት ነበር» ይላል። እኔ እስከማየው ድረስ ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስቱታል። ባጇ ከሁሉ በፊት የምትመልሰው ጥያቄ «ይህ ድሃ የማን ነው?» የሚለውን ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የመጡ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ግን አስቀድሜ ልናገር።

የእንግሊዙን ባጅ ከስኮትላንዱ ጋር መቀላቀል

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። በ1697 የእንግሊዝ ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ። ከአጥቢያው እርዳታ የሚቀበል ሰው ሁሉ በቀኝ ትከሻው በኩል «ፒ» የሚለውን የላቲን ፊደልና የአጥቢያውን ስም መነሻ ፊደል ከቀይ ወይም ከሰማያዊ ጨርቅ ተቆርጦ እንዲያሰፋ አዘዘ። ዓላማው ግልጽ ነበር። ሰው አፍሮ እርዳታ መጠየቁን እንዲተው ነው። ሕጉ እስከ 1810 ድረስ ቆየ።

የስኮትላንዷ ባጅ ሥራዋ ሌላ ነው። የእንግሊዙ ምልክት «ይህ ሰው እየተረዳ ነው» ይላል፤ ልመና አይፈቅድለትም። የስኮትላንዷ ደግሞ «ይህ ሰው ቢለምን አትከልክሉት፣ እናውቀዋለን» ትላለች። ሁለቱ አገሮች በ1707 አንድ ፓርላማ ቢኖራቸውም ስኮትላንድ የራሷን ሕግና የራሷን ቤተ ክርስቲያን ይዛ ቀርታለች። የድሆች ሕጓም ለብቻው ነው። ስለዚህ የእንግሊዝን ሕግ ጠቅሶ የስኮትላንድን ባጅ መተርጎም አያስኬድም።

እንዲህ ስል ባጇን ማድረግ አያሳፍርም ነበር እያልኩ አይደለም። አየርላንድ ውስጥ ጆናታን ስዊፍት በ1737 የደብሊን ለማኞች ሁሉ ባጅ ያድርጉ ብሎ ሲጽፍ ያማረረው፣ ለማኞቹ መለመን ሳያሳፍራቸው ባጅ አድርገው መታየትን ግን ኩራታቸው አይፈቅድላቸውም ብሎ ነበር። ንዴቱን ትተን ነገሩን ካየነው ሰዎቹ የሚሉት ይገባል። ዛሬ የቸገረው ሰው ነገ ሊነሳ ይችላል፤ ደረት ላይ የተሰፋ ብረት ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ፈቃድ ስላለ ልመና ነጻ ነበር ብሎ ማሰብ

የስኮትላንዱ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ 18 ዓመት ገደማ በእንግሊዝ ታስሮ በ1424 ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ስለ ለማኞች ሕግ ወጣ። ዕድሜው ከ14 እስከ 70 የሆነ ሰው በሌላ መንገድ መኖር እንደማይችል ካልተረጋገጠ በቀር አይለምንም። የተፈቀደለት ምልክት ይሰጠዋል፤ በገጠር ከሸሪፉ (ከንጉሡ የአውራጃ ሹም)፣ በከተማ ከከተማው ሹማምንት። ምልክት የሌለው ሥራ ይያዝ ተባለ። እምቢ ካለ ጉንጩ በጋለ ብረት ይተኮሳል፣ ከአገርም ይባረራል። በ1579 የወጣው ሕግ ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚዞረውን ለማኝ በጅራፍ ገርፎ ጆሮውን በጋለ ብረት መብሳትን አዘዘ።

ፈቃዱና ቅጣቱ የተጻፉት አንድ ሕግ ላይ ነው። ባጇን ብቻ ነጥሎ «ሥርዓቱ ለድሃ ያዝን ነበር» ማለት ግማሹን ገጽ ቀዶ እንደማንበብ ነው። በሥርዓቱ ዓይን ድሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አቅም የሌለው፣ ማለትም ሽማግሌ፣ ዓይነ ስውር፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወላጅ አልባ ሕፃን። ሌላው ክንዱ የሚሠራ። ሁለተኛው ሥራ ቢያጣ እንኳ እርዳታ የመጠየቅ ሕጋዊ መብት አልነበረውም። ይህ ጉዳይ ከባጇም በላይ ዕድሜ ነበረው፤ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ባጇ በአገሩ ሁሉ ትሠራለች ብሎ መጻፍ

በ1535 የወጣው ሕግ ማንም ከተወለደበት አጥቢያ ውጭ እንዳይለምን ደነገገ። ምልክቱን አሠርተው የሚሰጡትም የአጥቢያው ታላላቆች ሆኑ። በኋላ ትውልድ ብቻ ሳይሆን ኗሪነትም መቆጠር ጀመረ። በ1579 ሰባት ዓመት፣ በ1672 ደግሞ ሦስት ዓመት የኖረ ሰው የዚያ አጥቢያ ድሃ ተባለ። የአጥቢያው ስም ባጇ ላይ ጎልቶ የሚቀረጸው ለዚህ ነው። ከወንዝ ማዶ ሌላ አጥቢያ ከሆነ እዚያ ባጇ ዋጋ የላትም። እንዲያውም ትመሰክርበታለች፤ ያለ ቦታው መጣ ታስብላለች።

ታዲያ «በመላው አገር የሚለምን ፈቃድ ያለው ለማኝ» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከሰማያዊ ካባ ለባሾቹ ነው። እነዚህ የንጉሡ ጸላዮች ናቸው፤ ለንጉሡ እንዲጸልዩ የተመደቡ ድሆች። ቁጥራቸው በንጉሡ ዕድሜ ልክ ነው። በንጉሡ ልደት ቀን እያንዳንዳቸው ሰማያዊ ካባና ቦርሳ ይሰጣቸዋል፤ በቦርሳው ውስጥ ንጉሡ የኖረውን ዓመት ያህል የስኮትላንድ ሽልንግ አለ። በደንቡ መሠረት ጆርጅ ሣልሳዊ 60 ሲሞላው፣ በ1798 ማለት ነው፣ 60 ሰዎች 60፣ 60 ሽልንግ ያገኛሉ። የሚያደርጉት ባጅ አጥቢያ ሳይለይ በአገሩ ሁሉ «እለፍ፣ ተመለስ» የሚላቸው ነበር። ተራው ለማኝ ባልተፈቀደለት ቦታ ሁሉ እነሱ ይዞራሉ። ንጉሡ ባረጀ ቁጥር የለማኞቹ ቁጥር ይጨምራል። ወጣት ንጉሥ ሲነግሥስ? ያን ያህል ሰው አያስፈልግም። የድሃ ቁጥር በንጉሥ ልደት የሚወሰንበት ሥርዓት እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲያስነሳ ይኖራል።

ዋልተር ስኮት በ1816 ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ ኤዲ ኦኪልትሪ የሚባል ሰማያዊ ካባ ለባሽ ለማኝ አለ። ተጫዋች፣ ነገር አዋቂ፣ ባላባት የማይፈራ ሽማግሌ ነው። አንባቢ ወደደው። ከዚያ በኋላ የስኮትላንድ ለማኝ ሲባል ዓለም የሚያየው እሱን ሆነ። እሱ ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩት የአጥቢያ ድሆች ካባም ቦርሳም አልነበራቸውም፤ ያቺው የእርሳስ ቁራጭ ነበረቻቸው። ሰማያዊ ካባ ለባሾችን መሾም በ1833 ቆመ።

የቁርባን ምልክትን የለማኝ ባጅ ማለት

አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ይህ ስህተት ብዙ ይታያል። የስኮትላንድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ቁርባን የምትሰጠው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነበር። ከዚያ በፊት ሽማግሌዎቹ ምእመኑን ይመረምራሉ። ለማዕድ ብቁ የተባለ ሰው ትንሽ የእርሳስ ምልክት ይሰጠዋል፤ ዕለቱ ሲደርስ መልሶ አስረክቦ ይቀርባል። ብረቱ ያው እርሳስ ነው፤ ላይዋም የአጥቢያው ስም ወይም መነሻ ፊደሉ አለ። ግራ ቢያጋባ አይገርምም።

መለያው ቀላል ነው። የቁርባኗ ምልክት እንደ ሳንቲም ትንሽ ናት፤ በእጅ ተይዛ የምትመለስ ስለሆነች ማያያዣ አያስፈልጋትም። የለማኝ ባጅ ግን ብዙውን ጊዜ ተለቅ ትላለች፤ ልብስ ላይ የምትውል ስለሆነች መስፊያ ቀዳዳ ወይም ከጀርባዋ ማያያዣ ይኖራታል። ይህን ሳያዩ «ቅድመ አያቴ ለማኝ ነበሩ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምናልባት በአጥቢያው የተመሰገኑትን ምእመን እያማ ይሆናል።

በመዝገብ ያለውን ገንዘብ በእንግሊዝ ፓውንድ ማስላት

አጭር ነገር ነው፤ ግን ስሌቱን ሁሉ ያበላሻል። ከ1603 ጀምሮ 12 የስኮትላንድ ፓውንድ ለ1 የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር። የስኮትላንድ አንድ ሽልንግ ማለት የእንግሊዝ አንድ ፔኒ ነው። ከ1707 በኋላም የአጥቢያ ጸሐፊዎች በድሮው ገንዘብ መመዝገቡን ቶሎ አልተዉትም። ስለዚህ «ለአንዲት ባልቴት 12 ሽልንግ» የሚል ካገኙ የእንግሊዝ አንድ ሽልንግ ብቻ ነው። ከላይ ያየናቸው የንጉሡ 60 ሽልንግም አምስት የእንግሊዝ ሽልንግ ይሆናሉ።

የ200,000 ለማኞችን ቁጥር እንደ ቆጠራ መውሰድ

በ1690ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ስኮትላንድ አዝመራው ደጋግሞ ከዳትና ከባድ ረሃብ ገባ። በ1698 ፖለቲከኛው የሶልተኑ አንድሩ ፍሌቸር 200,000 ሰው ከደጅ ደጅ እየለመነ ነው፣ በደህናውም ጊዜ 100,000 አይጠፋም ብሎ ጻፈ። የአገሩ ሕዝብ ያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር። ከስድስት ሰው አንዱ ለማኝ ነው እንደ ማለት ነው። የቆጠረው ሰው አልነበረም፤ የፍሌቸር ግምት ነው። የታሪክ ሰዎችም የተጋነነ ይሉታል።

ቁጥሩን የሚያስተላልፉ ሰዎች ያቀረበውን መፍትሔ ግን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ፍሌቸር ዘዋሪዎቹ በግድ ለባለርስቶች ተከፋፍለው በአገልጋይነት እንዲያዙ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለሚያቀርብ ሰው ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ይሻለዋል። ደግሞም ያወራው ስለ ዘዋሪዎች ነው። ባጅ ያላቸው የአጥቢያ ድሆች ቁጥር አድርጎ መጥቀስ ስህተቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ምጽዋት ሲባል ሳንቲም፣ ለማኝ ሲባል የቤተ ክርስቲያን ደጅ

እኛ የኔ ቢጤ ሲባል ወዲያው የሚታየን የደብር ደጅ ነው፣ በዓለ ንግሥ ነው። ስኮትላንድን በዚህ ዓይን ካየናት እንሳሳታለን። ከ1560ው ተሐድሶ በኋላ የቅዱሳን በዓላት ቀርተዋል። ለድሆች የሚሆነው ገንዘብ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይሰበሰባል፤ የሚያከፋፍለው መጋቢውና ሽማግሌዎቹ የተሰየሙበት ጉባኤ ነው። ከበሩ መዋጮ ሌላ የሬሳ ሳጥን መሸፈኛ ጨርቅ ኪራይና የኃጢአተኞች መቀጮም እዚያው ይገባል። አዎ፣ በዝሙት የተቀጣው ጎረምሳ የከፈለው ባልቴቷን ይረዳል። ሒሳቡ ተጽፎ ተቀምጧል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ነው ባጅ የሚመጣው። ባጅ የያዘ ሰው ቤት ለቤት ሲሄድ የሚያገኘውም በአብዛኛው የአጃ ዱቄት ነው። እፍኝ ዱቄት ከረጢቱ ውስጥ ይጨመርለታል፤ ሲመሽም ጎተራ ያሳድሩታል። ገበሬው ሳንቲም ቢጠፋው ዱቄት አያጣም። ለባለርስቶቹም ይህ አካሄድ ይመቻቸው ነበር። ሕጉ በግዴታ ማስከፈልን ቢፈቅድም ብዙ አጥቢያዎች ለረጅም ጊዜ ሸሽተውታል። ድሃው ዱቄት ለምኖ ካደረ ግብር መጣል አያስፈልግማ።

ሕጉ ስለወጣ ተፈጽሟል ማለት

1424፣ 1535፣ 1579፣ 1672። በ1690ዎቹ ደግሞ የንጉሡ ምክር ቤት ደጋግሞ አዋጅ አስነገረ። የሚሠራ ሕግ እንዲህ አይደጋገምም። አንዱ አጥቢያ ባጅ ሲሰጥ ጎረቤቱ አይሰጥም፤ አንዱ ጀምሮ ይተዋል። በ1790ዎቹ በሰር ጆን ሲንክሌር አሰባሳቢነት መጋቢዎች ስለየአጥቢያቸው ሲጽፉ፣ ከሌላ ቦታ የሚመጡ ለማኞች እንዳስቸገሯቸው የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ «በስኮትላንድ እንዲህ ይደረግ ነበር» ከማለት «በዚህ አጥቢያ፣ በዚህ ዓመት» ማለት ይሻላል።

የመጨረሻውን ዓመት ስንጽፍም እንጠንቀቅ። በ1843 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች፤ የመጋቢዎቹ ሲሶ ያህል ወጡ። የበሩ መዋጮም አብሮ ተከፈለ። በ1845 አዲስ የድሆች ሕግ ወጣ። በየአጥቢያው ቦርድ፣ ደመወዝ ያለው ተቆጣጣሪ፣ በኤድንብራ ደግሞ የበላይ ቦርድ ተቋቋመ። ይህ ግን ሥራ ላጣ ጤነኛ ሰው መብት አልሰጠም። ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህን ነው። የ1424ቱ ክፍፍል ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶም ቦታውን አልለቀቀም።

ዕቃው እጅዎ ከገባ

ስኮትላንድ የሚኖሩና ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው የሚወጡ ካሉ አንድ ነገር ይወቁ። በእንግሊዝ ሕግ ዋናው ትኩረት ወርቅና ብር ነው። በስኮትላንድ ግን ከመሬት የተገኘ ማንኛውም ጥንታዊ ዕቃ፣ ተራ እርሳስም ቢሆን፣ ባለቤቱ ዘውዱ ስለሆነ ሪፖርት መደረግ አለበት። እርሳሱን አይፈግፍጉት፤ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል። የኦክ እንጨት መሳቢያ ውስጥም አያስቀምጡት፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ እርሳስን ይበላል።

ባጇ ላይ ያለውን የአጥቢያ ስም ካነበቡ ቀጣዩ መንገድ የሽማግሌዎች ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ነው። ብዙዎቹ መዝገቦች ከ2021 ጀምሮ ስኮትላንድስ ፒፕል በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በምስል ይገኛሉ። የእጅ ጽሑፉ መጀመሪያ ያስቸግራል። ከቃለ ጉባኤው ይልቅ ከሒሳብ ገጾቹ ይጀምሩ፤ ባጅ ለመሥራት የወጣ ገንዘብ የሚመዘገበው እዚያ ነው።