በእንጦጦ ሸንተረሮችና ጫካ ውስጥ የሩጫ ዙር እንዴት እንደሚወጣ

ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ከከተማው ሲያዩት አንድ ወጥ አረንጓዴ ግድግዳ ይመስላል። ሲገቡበት ግን ከላይ ወደ ታች በሚወርዱ ጅረቶች የተቆራረጠ፣ በየሁለቱ ጅረቶች መካከል አንድ አንድ ሸንተረር የተጋደመበት ምድር ነው፤ ቀበና፣ ቀጨኔና ግንፍሌ ከዚሁ ተነሥተው ወደ ከተማው ይወርዳሉ። ስለዚህ እዚህ የሩጫ ዙር ማውጣት ማለት በየትኛው ሸንተረር እንደሚወጣ፣ ሸለቆው የት ላይ እንደሚሻገር፣ በየትኛው ሸንተረር ተመልሶ እንደሚወረድ አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው። የምጽፈው እንደ አትሌት ሳይሆን ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንደሚሮጥ ሰው ነው፤ ዙሩም አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ነው።

መነሻውን ከታች ያድርጉት። ብዙ ሰው በታክሲ እስከ እንጦጦ ማርያም ይወጣና ከዚያ መሮጥ ይጀምራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ይህች ቤተ ክርስቲያን ያለችው ግን ከተራራው አናት አጠገብ ስለሆነ፣ ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ጫካው የሚወርድ ሯጭ ቁልቁለቱን በትኩስ ጉልበቱ ይጨርስና ዳገቱን በደከመ እግሩ ይጋፈጠዋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ፣ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት የሚመጣ ዳገት ከመነሻው ዳገት ጋር አይወዳደርም። አናት ላይ ባለው ደልዳላ ቦታ ብቻ ለሚሮጥ ሰው በታክሲ መውጣቱ ተገቢ ነው፤ ዙር ለሚያወጣ ግን አይመከርም። ዳገቱን በሶምሶማ መጨረስ ካልቻሉ በእግርዎ ይራመዱት፤ በዚህ የሚያፍር ሰው እንጦጦን አያውቀውም።

ቀጥሎ ዙሩን ሳይሮጡ አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ሁለት ጊዜ፣ በእግር ይሂዱበት። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ለመለካት አይድከሙ። ውድ የሩጫ ሰዓት ገዝቼ ነበር፤ ጥቅጥቅ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር በተጠማዘዝሁ ቁጥር ያው ዙር አንድ ቀን ሰባት፣ ሌላ ቀን ስምንት ኪሎ ሜትር ሲሆንብኝ ሳጥኑ ውስጥ መለስሁት። በደቂቃ መቁጠር ይበቃል።

አስቸጋሪው ነገር ሸለቆውን መሻገር ነው። ካርታ ላይ ሁለት ሸንተረሮች በአንድ ጣት ስፋት ተቀራርበው ስለሚታዩ፣ ጀማሪ ሰው መካከላቸው ላይ ቀጥታ መስመር ያሰምራል። ነገር ግን ሸለቆው ወደ መሐል ሲወርድ ክረምቱ የቦረቦረው ግድግዳ በሁለቱም በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መውረዱ ይሳካል፣ መውጫው ግን የለም። ወራጅ ሰው የሚያየው የሚወርድበትን እንጂ ማዶ የሚወጣበትን ስላልሆነ፣ ይህን የሚያውቀው ከታች ደርሶ እግሩ ጭቃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ሸለቆውን በራሱ ጫፍ፣ ማለትም ጅረቱ ገና ቀጭን ሆኖ በአንድ እርምጃ በሚታለፍበት ከፍታ ላይ መሻገር ይመረጣል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ጥቂት ተጨማሪ ዳገት ብቻ ነው።

ጫፉ ድረስ መውጣት የማይቻል ከሆነ ከመውረድዎ በፊት ሸንተረሩ ላይ ቆመው ማዶውን ይመልከቱ፤ የሚፈልጉትም ጫካው ሳስቶ መሬቱ የቀላበትን፣ በሰው እግር የተረገጠ ቀጭን መስመር ነው። እንጦጦ ላይ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በየዕለቱ የሚመላለሱባቸው የእግር መንገዶች አሉ። ከባድ ሸክም የተሸከመ ሰው ገደል የሚመርጥበት ምክንያት ስለሌለው፣ እነዚህ መንገዶች ተዳፋቱን በአግድም እየቆረጡ፣ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ፤ ሸለቆውን የሚያልፉትም ባለው ሁሉ በለዘበው ቦታ ነው። የስልክ ካርታ አብዛኞቹን አያሳይም። መንገዱን ካገኙ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ከማዶ ወደዚህ ይሂዱበት፤ በሁለቱም አቅጣጫ ያልታየ መሻገሪያ በቸኮሉ ቀን ይጠፋል። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ሸክም የያዘች ሴት ስትመጣ ከመንገዱ የሚወጣው ሯጩ ነው፤ ሰላምታውንም የሚያስቀድመው እርሱ ነው። «እናቴ፣ ይህ መንገድ ወዴት ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። ለረጅም ጊዜ እንጦጦ ላይ ሰው አይጠፋም፣ ቁልቁለቱ ሁሉ አዲስ አበባ ያደርሳል ብዬ አምን ነበር። በአንድ የሐምሌ ጠዋት ጉም አናቱን ሸፍኖት ሳለ፣ ውሃ የቋጠረ መንገድ ለመዞር ብዬ ዛፎቹ መሐል ገባሁ፣ ጥቂት ተጠማዘዝሁ፣ ከዚያም ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረድሁ መስሎኝ በደስታ ሮጥሁ። ባሕር ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ምንም አላጠራጠረኝም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጫካው ሲሳሳ ከፊቴ የጠበቅሁት የቆርቆሮ ጣሪያ ሳይሆን ከብት የተሰማራበት ሰፊ ሜዳ ነበር። አንድ ገበሬ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ፤ ሽሮ ሜዳ የት እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀና ጣቱን ወደ መጣሁበት ተራራ ቀሰረ። ሱሉልታ ነበርሁ። ወደ ጎጃም የሚያወጣው አስፋልት ላይ ስደርስ ኪሴ ውስጥ ሳንቲም አልነበረኝም፤ የታክሲው ረዳት ሁኔታዬን አይቶ በነፃ ባይጭነኝ ኖሮ ተራራውን እንደገና በእግሬ ልወጣው ነበር።

የእንጦጦ አናት ውሃ የሚለያይበት ቦታ ነው። በደቡብ በኩል የወደቀው ዝናብ በከተማው ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሰሜን በኩል የወደቀው በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ አናቱን ሳያውቅ ያለፈ ሰው በወረደ ቁጥር ከቤቱ ይርቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአናቱ ላይ የሚሄደውን መንገድ እንደ አጥር እቆጥረዋለሁ፤ ዙሬ በምንም ምክንያት አይሻገረውም። ጉም ባለበት ቀን ከጫካው ስወጣ የስልኬን ኮምፓስ አይቼ ወደ ደቡብ መሄዴን አረጋግጣለሁ፣ ጥቂት ቆሜም የከተማውን የመኪና ድምፅ አዳምጣለሁ። ጥርት ባለ ቀን ደግሞ በስተምሥራቅ ያለው የእንጦጦ የሕዋ ምርምር ማዕከል ነጫጭ ጉልላት አቅጣጫ ይጠቁማል። ለምልክት ብዬ ዛፍ ላይ ያሰርኋቸውን ባለ ቀለም ጨርቆች ልጆች በሳምንት ውስጥ ፈትተው ወስደዋቸዋል፤ ስለዚህ ያንን ብልሃት አልመክርም። በካልሲ ውስጥ የምትቀመጥ ሁለት መቶ ብር ግን ሁልጊዜ አትለየኝም።

የመሬቱን ነገር በአጭሩ ልናገር። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ፣ ጫካው በወደቀ ቅጠልና ቅርፊት የተሸፈነ ጉቶ ሞልቶበታል። በመጥረቢያ በሰያፍ የተቆረጠ ጉቶ ጫፉ ስለታም ስለሆነ፣ ቁልቁለት ላይ እርምጃን አሳጥሮ፣ ጉልበትን ከፍ አድርጎ፣ ዓይንን ሦስት አራት ሜትር ወደ ፊት ጥሎ መሮጥ ያስፈልጋል። አትሌቶቹ በጫካው ውስጥ በሰልፍ ሆነው፣ መሪያቸውን ተከትለው በዛፎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ ሲሮጡ ያየ ሰው ያንኑ ይማራል፤ ዳገቱን ፊት ለፊት አይገጥሙትም፣ በአግድም ይሰነጥቁታል። ጫማ የሚፈለገው ሶሉ ጥርስ ያለው እንጂ ወፍራም አይደለም፤ ወፍራም ስፖንጅ ቁርጭምጭሚትን ያዞራል።

ጎሕ ሳይቀድ አይግቡ፤ ጅቡ ገና ወደ ጉድጓዱ አልተመለሰም። ብቻዎንም አይግቡ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ሰው ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ከተማው ውስጥ በእርምጃ ቢያሳልፍ ይሻለዋል፤ የአየሩን መቅጠን ሳይለምድ ዳገቱን የጀመረ እንግዳ ሁለተኛው ሸንተረር ላይ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ ደጋግሜ አይቻለሁ።

መስከረም ሲጠባ ዙሩን እንደገና በእግር ይሂዱበት። ክረምቱ ቦረቦሩን ያሰፋዋል፣ ባለፈው ሚያዝያ በአንድ እርምጃ የታለፈው ጅረትም አሁን ግድግዳ አብጅቶ ይጠብቃል። ከሆነ መሻገሪያውን ሃያ ወይም ሠላሳ ሜትር ወደ ላይ ከፍ አድርገው አዲሱን የእግር መንገድ ይፈልጉ፤ እንጨት የሚሸከሙት ሴቶች ቀድመው አግኝተውታል።